ሆድ ዕቃ የሌለው ራዲዮ

ራዲዮኑ ከሞተ ዛሬ አሥራ ሁለተኛ ቀኑ ነው፤ ኮቦ ግን አልሰማችም። እንዲያውም በሕይወቱ ያልሰበሰበውን ሰው ከሞተ ወዲህ ነው የሰበሰበው። ገና ለአንድ ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን የአሚና ሻይ ቤት አግዳሚዎች ጢም ብለው፣ የተረፈው ሰው መቃኑን ተደግፎ፣ ከዚያ የተረፈው ደግሞ ደጅ ላይ ቁጢጥ ብሎ ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይዟል። ሻይ አሥር ሳንቲም፣ የማሽላ ቂጣ በቅቤና በበርበሬ ስሙኒ። ወደ አላማጣ የሚሄደው አውቶቡስ ሞተሩን ሳያጠፋ መንገድ ዳር ተገትሯል፤ ተሳፋሪው በየመስኮቱ አንገቱን አስግጎ "ሹፌር፣ እንሂድ እንጂ፣ ፀሐይዋ ልትበረታ ነው!" ሲል ሹፌሩ ቂጣውን እያላመጠ "የራዲዮኑን እንግዳ ሳልሰማ ወላሂ ንቅንቅ አልልም" ይላል። እስላምም አልነበረም፤ ብቻ እዚህ ቤት የገባ ሰው እንደ ቤቱ ይምላል።

ታሂር ይህን ሁሉ የሚያየው በጭቃው ግድግዳ ላይ ባለች፣ የባቄላ ፍሬ በማታስገባ ቀዳዳ ነው። እሱ ያለው ከግድግዳው ወዲያ፣ ከሰልና ባዶ ጠርሙስ በሚቀመጥባት ጓዳ ውስጥ ነው። ጓዳዋ ሁለት እርምጃ በሦስት እርምጃ ናት፤ መስኮት የላትም፤ ቆርቆሮ ጣሪያዋ ፀሐይ ገና ከዞብል ተራራ ብቅ ሳትል መጋል ይጀምራል። ከጎኑ ልብስ ሰፊው አለሙ ማሲንቆውን ታቅፎ የከሰል ጆንያ ላይ ተቀምጧል። ከአለሙ እግር ሥር ደግሞ ዚነት አለች፤ በቀበሌው ኪነት ውስጥ እሷ ስትዘፍን ሌሎቹ አፋቸውን ብቻ ነው የሚከፍቱት ይባላል። በጭኖቿ መሀል ለከበሮ የሚሆን ባዶ የዘይት ቆርቆሮ ይዛለች። ልክ ራዲዮኑ ከተቀመጠበት መደርደሪያ ኋላ ግድግዳው ጡጫ በሚያሳልፍ ልክ ተፈልፍሏል፤ በፍልፍሉ ውስጥ ላምባ ከበርሜል ወደ ጠርሙስ የሚገለብጡበት ሾጣጣ ቆርቆሮ ተሰክቷል፤ ሰፊው አፉ ወደ ታሂር፣ ጠባቡ ራዲዮኑ ሆድ ውስጥ። በዚያ ቆርቆሮ ያለፈ ድምፅ አፍንጫውን ተይዞ ከአዲስ አበባ ድረስ በሩጫ የመጣ ይመስላል።

ራዲዮኑ የቀበሌው ነው። ባለ ስድስት የባትሪ ድንጋይ፣ ቡናማ፣ ከፊቱ ወርቃማ ወንፊት ያለው። ሕዝቡ ዜና እየሰማ እንዲነቃ ተብሎ ነው አሚና ቤት የተቀመጠው። አሚና ራዲዮኑን ልትጠብቅ፣ ቀበሌው ደግሞ መንገድ ዳር ያለውን ቤት በአራት ብር ኪራይ ሊተውላትና በወር አሥር ኪሎ ስኳር ሊሰጣት ተስማሙ። ሊቀ መንበሩ አራጌ ሲያስረክባት ጣቱን ቀስሮ "ራዲዮኑ አንድ ነገር ከሆነ ቤቱንም ስኳሩንም ለሌላ ነው የምንሰጠው፤ ኋላ እንዳታለቅሺ" ብሏታል። ታናሽ ወንድሟ ታሂር ግን እስከ ስድስተኛ ክፍል ድረስ የተማረ ሰው ነው። ከዚያ በላይ ያልተማረው፣ እሱ እንደሚለው፣ አስተማሪዎቹ እውቀት ስላለቀባቸው ነው። በሽንኩርት ቢላ ከፍቶ የመካን ጣቢያ ካላስያዝኩት ብሎ አንጀቱን ዘረገፈው። መልሶ ሲገጥም አሥራ አንድ ብሎን ተረፈው። ድንጋዮቹን አግብቶ ሲያዞረው ራዲዮኑ እንደ ሽማግሌ አንድ ጊዜ ሳል አለና ከአፉ ቀጭን ጢስ ወጣ። ይኸው ነው። አሚና የዚያን ቀን "ቤቴን!" ብቻ አለች። ከዚያ ወዲህ ለታሂር ሌላ ቃል አልወጣትም። በማግሥቱ ጧት ደንበኛው ዜና ሲጠብቅ ታሂር በጓዳ ገብቶ አፉን ቀዳዳው ላይ ሲደቅንም፣ ግድግዳውን ሲፈለፍልም፣ የራዲዮኑን ሆድ ዕቃ አውጥቶ ሲጥልም፣ አለሙንና ዚነትን ሲጎትትም ዝም ብላ ሻይዋን ቀዳች። እየተቀመጠች እየተነሳች አብራ ዋሸች፤ ግን ዝም ብላ። ጧት ጧት ሻይና ቂጣውን በጓዳው በር ሥር አሾልካ ትሰጠዋለች። ሰላምታ የለም። እህትና ወንድም በአንድ ቆርቆሮ ሥር እያደሩ አሥራ ሁለት ጧት "እንዴት አደርክ" የለም። ታሂር ለከተማው ሙሉ ሲያወራ ይውልና የገዛ ቤቱ ውስጥ የሚያዋራው ሰው ያጣል።

ዛሬ ደግሞ ከወልድያ ካድሬ መጥቷል። ጓድ ሙሉጌታ ይባላል፤ ካኪ ልብሱ ገና የመተኮሻውን ሽታ አልለቀቀም። ትናንት ጎብዬ ላይ ምሳ ሲበላ፣ ሮቢትም ላይ ጎማ ሲያስነፋ፣ "የኮቦው ራዲዮ የትም የማይያዝ የጧት ፕሮግራም ይይዛል፤ ታላላቅ ሰው እየጠራ ያጫውታል፤ ሙዚቃውም ትኩስ ነው፣ ጢሱ ይታያል" ሲሉት ጊዜ እሱም ሊሰማ መጣ። የትምህርት ቤቱ አስተማሪ እንኳ "የእኔ ራዲዮ ለምን አይይዘውም?" ብሎ ነበር፤ ታሂር "ያንተ ሽቦ የታሰረው ቁልቋል ላይ ነዋ፤ የእኛ ግራር ላይ ነው፤ ቁልቋል ሞገድ ይጠጣል" ብሎ አሳመነው፤ አስተማሪው ሰኞ ዕለት ሽቦውን ግራር ላይ ሲያስር ታይቷል። ሙሉጌታ ግን አስተማሪ አይደለም። ሊቀ መንበሩ አራጌ ከፊት ያለውን አግዳሚ አስለቀቀለትና ከራዲዮኑ ፊት ለፊት፣ እጁን ቢዘረጋ በሚነካው ቦታ አስቀመጠው። ታሂር በቀዳዳው አሚናን አየ፤ የያዘችው ማንቆርቆሪያ ክዳን ብቻውን ያንኳኳል። ዛሬ አንዲት ቃል ከተሳሳተ ቤቱ የለም። እሱ ይታሰር፤ እስር ቤትም ወሬ ይወደዳል። አሚና ግን ከዚህ መንገድ ዳር ከተነሳች የት ትወድቃለች?

"ጀምር እንጂ" አለው አለሙ በሹክሹክታ፤ "ከሰሉ በሱሪዬ ገባ።"

ታሂር አፉን ቆርቆሮው ላይ ደቀነ። "እንደምን አደራችሁ የጧት አድማጮቻችን! ጀርባችሁን ለፀሐይ፣ ጆሮአችሁን ለእኛ ስጡ! ሻይ የያዛችሁ ጠጡ፣ ያልያዛችሁ የጎረቤታችሁን ተመልከቱ!" ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። አለሙ የማሲንቆውን ሆድ ግድግዳው ላይ ለጠፈ፤ ዚነት ቆርቆሮዋን ደለቀች፤ ድምፅዋ በቀዳዳው ሲወጣ ደጅ የታሰሩ የአፋር ግመሎች እንኳ አንገታቸውን አዞሩ።

*ዞብል ላይ ደመነ፣ ኮቦ ላይ ዘነበ፤*
*ያንተን ድምፅ ብሰማ ልቤ ተሰበሰበ።*

ትከሻ ተነሳ። ሹፌሩ ብርጭቆውን አናቱ ላይ አድርጎ እስክስታ ወረደ፤ አንዲት ጠብታ አልፈሰሰችም፤ ጠጥቶ ጨርሶት ነበርና። ተሳፋሪዎቹም ተስፋ ቆርጠው ከአውቶቡሱ ወረዱና ሻይ አዘዙ። ከኋላ አንዱ "ያ አብራሪውስ? አብራሪውን አምጡልን!" ብሎ ጮኸ። የትናንቱ እንግዳ አውሮፕላኑን ዞብል ላይ ካለ ደመና ጫፍ አቁሞ ቁርሱን ሊበላ የተቀመጠ አብራሪ ነበር፤ ወሬው ሳያልቅ ሰዓቱ አለቀና ሰውዬው እዚያው ደመናው ላይ ቀረ። ትናንት ኮቦ ሙሉ ቀን አንጋጣ ነው የዋለችው። ጥላውን ማሽላው ላይ አየሁት ብሎ የማለ ገበሬ አለ።

"የዛሬው እንግዳችን ግን" አለ ታሂር ድምፁን አወፍሮ፣ "በክራር ላይ ስድስት አውታር አያንስም ወይ ብሎ ሦስት የጨመረው፣ አዋሽ ላይ ሲጫወት ባቡሩ ቆሞ የሰማው፣ ዝነኛው ይሁኔ ዘጠኝ አውታር ነው!" ይህን ስም ትናንት ማታ ቂጣ ሲበላ ነው ያገኘው። አፍንጫውን በሁለት ጣቱ ያዘና እንግዳውን ሆነ። "እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ባቡሩ ቆመ የሚባለው ውሸት ነው። ባቡሩ አልቆመም፤ ወደ ኋላ ነው የተመለሰው፤ መጀመሪያው አምልጦት ነበር።"

ሳቁ ገና ሳይበርድ ሙሉጌታ ጉልበቱን መታ። "ይሁኔ! ይሄ ልጅ እዚህም ደረሰ!"

አራጌ ከአግዳሚው ብድግ አለ። "ያውቁታል እንዴ፣ ጓድ?"

"ማወቅ ብቻ!" ሙሉጌታ ወደ ሕዝቡ ዞረና ድምፁን ከፍ አደረገ፤ ድምፁን ከፍ ማድረግ ሥራው ነው። "አዲስ አበባ አንድ ሳህን ላይ ነው የበላነው። ስምንት አውታር ሆኖ ሲቸገር ዘጠነኛዋን ማን ገዛለት? እኔ!"

"አጀብ!" አለ ሹፌሩ። ቤቱ በአድናቆት አጉረመረመ፤ ሰው ሁሉ ሙሉጌታን እንደ አዲስ አየው፤ አንዱ ቂጣውን ገምሶ ሰጠው።

ታሂር በቀዳዳው አፍጥጦ ቀረ። ዕድሜ ልኩን ዋሽቷል፤ ውሸቱ ሰው ሆኖ ወጥቶ ወዳጅ ሲያፈራ ግን አይቶ አያውቅም። አለሙ እጅጌውን ይዞ ጎተተው። ዚነት በዓይኗ "ተው" አለችው። መተው ነበረበት። ግን ደስታው ከጉሮሮው ደርሶ ነበር፤ እንደ ማስነጠስ ያለ ነገር ነው፣ ከመጣ አይመለስም። አፍንጫውን ያዘ። "እንዲያው እዚህ ላይ አንድ ውለታ ሳላነሳ አላልፍም" አለ ይሁኔ። "ዘጠነኛዋን አውታር የገዛልኝ አንድ ወዳጅ ነበረኝ። ዛሬ የት እንዳለ አላውቅም፤ ከሰማኝ ግን ካድሬ ሳይሆን አልቀረም፤ ያን ጊዜም ቢሆን ሲናገር ሰውን ከመቀመጫው አያስነሳም ነበር።"

ቤቱ ፈነዳ። አራጌ አጨበጨበ፤ ደጅ ያሉት ምን እንደተባለ ሳይሰሙ አጨበጨቡ። ሙሉጌታ ብቻ አላጨበጨበም። ብርጭቆው ከአፉ ስንዝር ሲቀረው ቆመ። ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል ራዲዮኑ ያንን ሊያውቅ እንደማይችል የሚያውቅ እሱ ብቻ ነበር፤ ምክንያቱም አውታሩን አልገዛም። ይሁኔ የሚባልም ሰው አያውቅም። ቀስ ብሎ ብርጭቆውን አስቀመጠና ራዲዮኑን ዓይን ዓይኑን ያየው ጀመር።

በዚህ መሀል በአላማጣ መንገድ ካለችው ከዋጃ ሸህ ዘይኑዲን ደረሱ። በእግር ነው የመጡት፤ አውቶቡሱ ገና ከኮቦ አልተነሳምና የሚመለስ መኪና አላገኙም። በየገበያው ቀን አሚና ቤት ሻይ የሚጠጡ፣ ነጭ ጥምጣማቸው አቧራ የማይዘው ሽማግሌ ናቸው። በሩ ላይ ቆመው፣ ዱላቸውን ወደ ግራ እጃቸው አዛውረው፣ ቤቱን በሙሉ "አሰላሙ አለይኩም!" አሉ።

ስልሳ ሰው አለ፤ የስልሳው ሰው አፍ ቂጣ ወይም ሳቅ ይዟል። ከሁሉም ቀድሞ ራዲዮኑ መለሰ። "ወአለይኩም ሰላም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ!"

የአስተዋዋቂው ወፍራም ድምፅ አልነበረም፤ የይሁኔም አፍንጫ የለበትም። የታሂር የገዛ ድምፁ ነበር፣ ቀጥ ያለ፣ ችኩል፣ የተሟላ። እሱ ራሱ አፉን ከዘጋ በኋላ ነው የሰማው። አሥራ ሁለት ቀን ሙሉ ሰላም የሚለው ሰው በሌለበት ቤት፣ ሰላምታ በዚያ ቆርቆሮ ተንቆርቁሮ ሲመጣለት ልቡ ሳይጠይቀው መለሰ። እንዲያውም ሳይመልስ ቢቀር ኃጢአት ነው። ግን ራዲዮ ኃጢአት አይፈራም።

የአውቶቡሱ ሞተር ብቻ ደጅ ላይ ይንዘፈዘፋል። ሹፌሩ አፉን ከፍቶ ቀረ። አራጌ ወደ ራዲዮኑ፣ ከራዲዮኑ ወደ አሚና፣ ከአሚና ወደ ራዲዮኑ ተመለከተ። አሚና ሻይ እየቀዳች ነበር፤ ብርጭቆው ሞልቶ ጠረጴዛው ላይ፣ ከጠረጴዛው መሬት ላይ ይፈሳል፤ አላቆመችም። ሙሉጌታ ተነሳ። ለሕዝቡ ጀርባውን ሰጥቶ ራዲዮኑን ከመደርደሪያው አነሳ። እንደ ባዶ ቅል ቀለለው። ጎንበስ አለ። መጀመሪያ ላምባ የሚሸተውን ሾጣጣ ቆርቆሮ አየ፤ ከቆርቆሮው ወዲያ ላብ ያጠመቀውን የታሂርን ከንፈር፤ ከንፈሩ ወረደና በቦታው አንድ ዓይን መጣ።

ሁለቱ ሰዎች በአንድ ቀዳዳ ተያዩ። ታሂር፣ ሙሉጌታ ይሁኔን እንደማያውቀው ያውቃል። ሙሉጌታ ደግሞ ይሁኔ ከየት እንደተወለደ አሁን አወቀ። ራዲዮኑን ገልብጦ ለሕዝቡ ማሳየት ይችላል፤ ያን ጊዜ ግን አንድ ሳህን ላይ የበላው ከማን ጋር ነበር? ዘጠነኛዋን አውታር የገዛው ለማን ነው? ያንን ግማሽ ቂጣስ በምን ምክንያት በላው? የታሂር ዓይን አልተርገበገበም። ከኋላው ዚነት "ያ ረቢ፣ ያ ረቢ" ስትል ትንፋሿ አንገቱን ያቃጥለዋል።

ሙሉጌታ ወደ ቆርቆሮው ጠጋ አለ። "አሥረኛ አውታር እንዳትጨምር" አለ፤ ትንፋሽ ብቻ ነበር። ራዲዮኑን እንደ ተኛ ሕፃን በቦታው አስተኛውና ወደ ሕዝቡ ዞረ።

"ምን ታፈጥጣላችሁ? በቀጥታ ነው የሚተላለፈው! ይሁኔ እዚህ መሆኔን ሰምቶ እኔን ሰላም ማለቱ ነው።"

"ይሁኔ እስላም ነው እንዴ፣ ጓድ?" አለ ሹፌሩ።

"ሰላምታ የሁሉም ነው!" ሙሉጌታ ፊቱ ደም ለበሰ። "አንተ ደግሞ መኪናህን አታነሳም? ተሳፋሪ ልታሳድር ነው!" ቀጠለና አራጌን ጠራው። "ስማ፣ ጓድ አራጌ። ይሄ ራዲዮ ከዚህ ቤት እንዳይነቃነቅ። ድንጋዩ የደከመ ይመስለኛል፣ ድምፁ ይቀያየራል፤ ዛሬውኑ ስድስት አዲስ ድንጋይ ይግባለት። ስኳሩንም አሥራ አምስት ኪሎ አድርግላት፤ ይሄ ሁሉ ሕዝብ የሚነቃው በባዶ ሆዱ አይደለም።"

"ይደረጋል፣ ጓድ!" አለ አራጌ፤ በደብተሩ ሳይሆን በመዳፉ ላይ ጻፈ፣ እንዳይረሳው።

ከጓዳው ማሲንቆው እንደ ተፈታ ጥጃ ዘለለ። ዚነት ቆርቆሮውን የምትመታው በሁለት እጇ መሆኑ ቀርቶ በክርኗም ነው የመሰለው። ይሁኔ ዘጠኝ አውታር እስከ ሁለት ሰዓት ድረስ ተጫወተ፤ ባቡር፣ ግመል፣ አንድ ጊዜም ጎርፍ ሲሞላ የጎሊናን ወንዝ አስቁሟል ተባለ። ሙሉጌታ በየመሀሉ "እውነት ነው፣ ነበርኩ" እያለ መሰከረ። ሲሄድ ከበሩ ተመልሶ ራዲዮኑን በእጁ ሰላም አለው።

እኩለ ቀን ላይ ሁሉም ወደ ገበያው ተበትኖ ቤቱ ባዶ ሆነ። አለሙ ወደ ስፌት መኪናው፣ ዚነት ወደ ኪነቷ ሄዱ። ሸህ ዘይኑዲን ብቻ ጥጋቸውን ይዘው ሁለተኛ ሻያቸውን ጨረሱ። አሚና ሳንቲሙን አልቀበልም ስትላቸው ብርጭቆው ሥር አስቀመጡትና ተነሱ። "ልጄ" አሏት፣ ራዲዮኑን ሳያዩ፣ "ያ ሰላምታዬን የመለሰልኝ ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ ሰላም ከተባለ ቆይቷል። ድምፁ ተርቧል።" ዱላቸውን ይዘው ወጡ።

አሚና ጠረጴዛውን ጠረገች። የጠረገችውን መልሳ ጠረገች። አራጌ የላካቸው ስድስት ድንጋዮች መደርደሪያው ላይ ተደርድረዋል፤ ማስገቢያ የላቸውም። ከጓዳው ድምፅ አይሰማም፤ ታሂር እዚያው ጆንያው ላይ ነው፣ አልወጣም፤ በምን ፊቱ ይውጣ? በቀዳዳዋ ሲያይ እህቱ ሻይ ቀዳች፤ ሦስት ማንኪያ ስኳር አደረገች፣ እሱ እንደሚወደው። ቂጣ በሳህን አደረገች። ግን ወደ ጓዳው በር አልሄደችም። መጥታ ራዲዮኑ ፊት ቆመች፤ ነጠላዋን አስተካከለች፤ ለእንግዳ እንደሚደረገው።

"አሰላሙ አለይኩም" አለች፣ ለራዲዮኑ።

ታሂር አፉን ቆርቆሮው ላይ ደቀነ። አፍንጫውን ሳይዝ፣ ድምፁን ሳያወፍር፣ "ወአለይኩም ሰላም፣ እታለም" አለ።

ሳህኑን ከራዲዮኑ ጎን አስቀመጠችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ዙሪያዋን አይታ፣ ጠየቀችው።

"ያ አብራሪ... ከደመናው ወረደ?"

"ኧረ አልወረደም፣ እታለም" አለ ራዲዮኑ። "ቁርሱን እየጠበቀ ነው።"